«ፕሮሰስ አይወራም» ያለው ማነው?

ካይሮ ውስጥ ሐበሻን ደሞዙን ጠይቀው፣ ይነግርሃል። ከሚስቱ ጋር ለምን እንደተጣላ ጠይቀው፣ ሻይ እስኪቀርብ እንኳን ሳይጠብቅ ይዘረግፈዋል። የኩላሊቱን ጠጠር፣ የማዳሙን ክፋት፣ የቤት አከራዩን ስስት አንድም ሳያስቀር ያወራሃል። «ፕሮሰስህ ከምን ደረሰ?» ያልከው ለታ ግን ፊቱ ይለዋወጣል። ወደ በሩ ያያል። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «እየሄደ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይልና ወሬ ይቀይራል። አንተም ነውር የሠራህ ይመስል ተሸማቀህ ዝም ትላለህ።

እኔ ዝም ማለት ሰልችቶኛል።

እስቲ ይቺን «ፕሮሰስ» የምትባል ቃል እንያት። እንግሊዞቹ ለፋብሪካም፣ ለፍርድ ቤትም፣ ለኮምፒዩተርም ይጠቀሙባታል፤ የራሳቸው ጉዳይ። እኛ ጋ መጥታ የሆነችውን ግን የትኛውም መዝገበ ቃላት አይችላትም። ስድስት ኦክቶበር ከተማ ድረስ ሄዶ የዩኤን ቢሮ ስሙን ያስመዘገበ ሰው «ፕሮሰስ ጀመርኩ» ይላል። ቢጫ ካርድ የያዘው «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ይላል። ስደተኝነቱ ታውቆለት ሰማያዊ ካርድ ያገኘውም «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ይላል። ካናዳ ያለው አጎቱ ስፖንሰር ሊያደርገው የጀመረ፣ ያልጀመረ፣ ለመጀመር ያሰበ፣ ሁሉም ፕሮሰስ ነው። አውስትራሊያ ካለች ሴት ጋር በስልክ ተጫጭቶ የጋብቻ ወረቀት የሚጠብቅ፣ ፕሮሰስ። ዲቪ የሞላ፣ ፕሮሰስ። ባሕር ለመግባት ለደላላ ቀብድ የከፈለ፣ እሱ ደግሞ «የባሕር ፕሮሰስ»። ጉቦ የሰጠ ሰው ጉቦ ሰጠሁ አይልም፤ «ፕሮሰሱን አፋጠንኩት» ነው የሚለው። የተበደረውን መመለስ ያቃተውስ? «ወንድሜ፣ ትንሽ ታገሠኝ፣ ፕሮሰስ ላይ ነኝ።» ምንም ያልጀመረ፣ ከአልጋው ያልተነሣ ሰው እንኳን ከአገር ቤት ስልክ ሲደወልለት ፕሮሰስ ላይ ነው።

ዘመዶቿንም እንያቸው፦ ጉዳይ፣ ፋይል፣ ኬዝ፣ ወረቀት። እያንዳንዳቸው ልክ አላቸው። ፋይል ይከፈታል፣ ይዘጋል። ኬዝ ይጠነክራል ወይ ይደክማል። ወረቀት በእጅ ይያዛል። ፕሮሰስ ግን መጀመሪያ የለው፣ መጨረሻ የለው፣ ባለቤት የለው። የምንወዳትም ለዚሁ ነው። ማን ወሰነ? ማን ተቀበለህ? ስንት ከፈልክ? መቼ መልስ ይሰጥሃል? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ከኋላዋ እንደበቃለን።

ይሄንን መደባበቅ ከግብፆች ነው የተማርነው የሚል አለ። ሐሰት ነው። እርግጥ ነው የዚህ አገር ቢሮ «ፉት ዐለይና ቡክራ» በሚል ይታወቃል፤ ነገ ብቅ በል ማለት ነው፣ ነጋቸው ግን መቼም አትነጋም። ግን ግብፃዊው ምን አደረገ? አፉን ያዘ? እ.ኤ.አ. በ1992 ዓዲል ኢማም የሠራውን «አል ኢርሃብ ወል ከባብ» የተባለውን ፊልም ያየ ያውቀዋል። አንድ ተራ አባት የልጆቹን ትምህርት ቤት ለማዛወር ታህሪር አደባባይ ወዳለው የመንግሥት ቢሮዎች ሕንፃ፣ ወደ ሙጋመዕ ይገባል። ፈራሚው ሽንት ቤት ነው ይሉታል፣ ሌላው ይጸልያል ይሉታል። መጨረሻው ሕንፃውን ሙሉ እስከ መያዝ ይደርሳል። ይሄንን ፊልም አገሩ በሙሉ አይቶ ሳቀ። ቢሮክራሲውን አደባባይ አውጥቶ ሳቀበት! እኛ ግን ያንኑ መጉላላት ቅዱስ ምስጢር አድርገን በነጠላ ሸፍነን ይዘነዋል።

ለምን? «ዓይን ይይዘዋል።» «ሰው ምቀኛ ነው።» «እስኪያልቅ አይወራም።» ይህ ነው የከተማው ሕግ። ሽማግሌውም ይለዋል፣ ወጣቱም ይለዋል፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡም ከጫት ቤት ሲወጡም ይሉታል። ታዲያ ከዚህ ሕግ የሚጠቀመው ማነው? እኔ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ደላላው።

የማውቃት አንዲት ልጅ አለች። ታጋሙዕ ሰፈር ሰው ቤት አዳሪ ሆና ትሠራለች። አርብ አርብ ወጥታ አርድ ኤል ሊዋ ከሐበሾች ጋር በተጋራቻት ክፍል ታድራለች። ስልኳን ከፍታ ሰውዬው የሚልክላትን ቮይስ አሰማችኝ። «እህቴ፣ ፋይልሽ ገብቷል፤ ከዚህ በኋላ ጸሎት ብቻ ነው።» ቀጣዩ፦ «እህቴ፣ ኢንተርቪውሽ ሊወጣ ነው፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ፣ ዓይን መጥፎ ነው።» ቀጣዩ፦ «እህቴ፣ አንዲት ፊርማ ናት የቀረችው፤ 300 ዶላር ካለሽ ዛሬውኑ እንጨርሰው።» ድምፁ የንስሐ አባት ድምፅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ የሚያጽናና። ከኋላው ቡና ቤት ውስጥ የሚላተም ዶሚኖ ይሰማል።

ቮይሱ ሲያልቅ አልጋው ላይ ጋደም ብላ የነበረችው የክፍል ጓደኛዋ ቀና አለች። «ይሄ እኮ የኔ ሰውዬ ነው» አለች። ስልኳን አወጣች። ያው ድምፅ። ያው «እህቴ»። ያቺው የቀረች አንዲት ፊርማ። ሁለት ሴቶች በአንድ ክፍል እያደሩ፣ ከአንድ ሳህን ሽሮ እየበሉ፣ ከዓመት በላይ ለአንድ ሰው ሲከፍሉ አንዷ ከሌላዋ ደብቃ ኖራለች። አንዷ አንድ ቀን «ስንት ጠየቀሽ?» ብትል ኖሮ ነገሩ በአንድ ሌሊት ያልቅ ነበር። ግን ፕሮሰስ አይወራም። ከምቀኛ ዓይን የተደበቀው ገንዘብ በሙሉ ወደ አንድ ኪስ ገባ።

ይሄን ያህል ጥሩ ሕግ ደላላው ራሱ ተቀምጦ ቢያስብ ሊያወጣ ይችል ነበር? አይችልም። እኛ ነን አውጥተን የሸለምነው።

እዚህ ላይ የሚታወቀውን እውነት ጮክ ብለን እንናገር። ዩኤን፣ ማለትም የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን፣ ለምዝገባውም፣ ለኢንተርቪውም፣ ለሪሴትልመንቱም አንድ ጊኔ አያስከፍልም። ነጻ ነው። ይህንን ራሱ ደጋግሞ ይናገራል። ታዲያ የምትከፍለው ለማነው? ለሪሴትልመንት ማመልከቻ የሚሸጥ የለም፤ መርጦ የሚያቀርብህ ቢሮው ነው፣ የሚቀበልህም ሦስተኛው አገር። በዓለም ላይ ካሉት ስደተኞች ደግሞ በዓመት ዕድሉን የሚያገኙት ከመቶ አንድ እንኳን አይሞሉም። ከመቶ አንድ! እኛ ሰፈር ግን ጠይቅ እስቲ፣ ያልተመረጠ ሰው ታገኛለህ? ሁሉም «በቅርብ» ነው።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 2024 ካናዳ አምስት ሰዎች ተሰባስበው ስፖንሰር የሚያደርጉበትንና የማኅበረሰብ ስፖንሰሮችን አዲስ ማመልከቻ መቀበል አቆመች። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጥር 20 ቀን 2025፣ ትራምፕ በገባበት ቀን የአሜሪካን የስደተኞች ቅበላ አገደ፤ ሜዲካል የጨረሱ፣ ሻንጣ የሸከፉ፣ የበረራ ቀን የተቆረጠላቸው ሰዎች ቀሩ። ይሄ በዜና የተነገረ ነው። በዚያው ሰሞን እኛ ዘንድ ለካናዳ «አዲስ ፋይል ላስገባልህ» የሚል አልጠፋም። ከፋይም አልጠፋም። ለምን? ከፋዩ ማንንም አልጠየቀማ! ጎረቤቱን ቢጠይቅ «በሩ እኮ ተዘግቷል» ይለው ነበር። ግን ጎረቤት ምቀኛ ነው።

ገንዘቡስ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 የግብፅ ገንዘብ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ31 ጊኔ ገደማ ተነሥቶ 50 አካባቢ ደረሰ። የልጅቱ ደሞዝ በጊኔ ነው። የደላላው ሒሳብ በዶላር ነው። ያቺ «አንዲት ፊርማ» በማግሥቱ ከግማሽ በላይ ጨመረች፤ ደሞዟ ግን እዚያው ነው። ልዩነቱን የሞላችው በጉልበቷ ነው። በአርብ ዕረፍቷ ሌላ ቤት ምንጣፍ እያጠበች። ይሄንን ነው እንግዲህ «እየሄደ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የምንለው። እግዚአብሔር እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

አሁን ተቃውሞው ይመጣል፣ አውቃለሁ። «አንተ ምን ታውቃለህ፣ ምስጢር መያዝ ያለበት ሰው አለ።» አለ፣ በሚገባ አለ። ከመንግሥት ሸሽቶ የመጣ፣ ቤተሰቡ አገር ቤት የቀረበት፣ ስሙ ቢወጣ ወንድሙ የሚታሰርበት ሰው አለ። ለኢንተርቪው የሰጠው ቃል የእሱና የእሱ ብቻ ነው፤ ማንም «ምን አልክ?» ሊለው አይገባም። እኔም አልልም። ግን ቃልህ ሌላ፣ ዋጋው ሌላ! ምን እንደደረሰብህ አትንገረኝ። ለማን ስንት እንደከፈልክ ንገረኝ። የታሰርክበትን ቦታ ደብቅ። የሰውየውን ስልክ ቁጥር ለምን ትደብቃለህ? ሁለቱን አንድ ላይ ያሰራቸው ያቺው «ፕሮሰስ» የምትባል ቃል ናት። የእውነተኛው ስደተኛ ፍርሃት ለሌባው መጋረጃ ሆነለት።

ስለ ዓይን ደግሞ አታስቁኝ። ፕሮሰሱ ያለቀለት ለታ ያው «ዓይን ይይዘዋል» ሲል የኖረ ሰው ምን ያደርጋል? ከኤርፖርት በቀጥታ ፌስቡክ ይገባል። ፓስፖርት፣ ትኬት፣ ሻንጣ፣ ባንዲራ፣ ሁሉንም ይለጥፋል። ያኔ ዓይን የለም? ምቀኛ ሁሉ ዕረፍት ወጣ? እንግዲያው ዓይን የሚይዘው መንገዱን እንጂ መድረሱን አይደለም ማለት ነው። የደረሰው ይታወጃል፤ የተዘረፈው፣ ሪጀክት የሆነው፣ ፋይሉ የተዘጋው ግን ሆድ ይፍጀው ይባላል። ስለዚህ ካይሮ አዲስ የሚገባ ልጅ የሚያየው የደረሱትን ብቻ ነው። የዘጠና ዘጠኙን ዝምታና የአንዱን ፎቶ አይቶ ገንዘቡን ያወጣል።

ሌላም ይሉኛል፦ «አደባባይ ወጥተው የተናገሩት ምን ሆኑ?» ጥያቄው ትክክል ነው፣ አልሸሸውም። እ.ኤ.አ. በ2004 ዩኤን የሱዳናውያንን የስደተኝነት ኢንተርቪው አቆመ። በ2005 መስከረም መጨረሻ ሱዳናውያኑ መሐንድሲን፣ ሙስጠፋ መሕሙድ መስጊድ ፊት ለፊት ያለች መናፈሻ ውስጥ፣ ከቢሮው ጥቂት እልፍ ብለው ሰፈሩ። ፋይላችን ለምን ተዘጋ፣ ማን ወሰነ፣ መቼ መልስ እናገኛለን ብለው ጠየቁ። ሴቶችና ሕፃናት በብርድ ሦስት ወር አደሩ። ታኅሣሥ 30 ንጋት ላይ ፖሊስ በውኃ መርጫና በዱላ ገባባቸው። ከ20 በላይ ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹ መካከል ሕፃናት ነበሩበት። በዚያ መናፈሻ በኩል ባለፍኩ ቁጥር የሚታየኝ ይሄ ነው።

ግን ከዚያ ታሪክ እኛ የወሰድነው ትምህርት ምንድን ነው? «አትጠይቅ።» ሱዳናውያኑን የገደላቸው ጥያቄያቸው ይመስል! የጠየቁት ለባለሥልጣን ነበር፣ በመንገድ ላይ፣ በሰው አገር። እኔ ጠይቁ የምለው እኮ አልጋ አጠገባችሁ ያለችውን እህታችሁን ነው። እርስ በርስ ለመጠያየቅ የሚመጣ ፖሊስ የለም። ፍርሃቱን ከመናፈሻው አምጥተን መኝታ ቤታችን ውስጥ ያስገባነው እኛው ነን።

ዝምታውም ሰው ይገድላል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2016 ወደ 500 የሚጠጋ ሰው ሜዲትራኒያን ላይ ሰጠመ። ሶማሌዎች ነበሩ፣ ሱዳናውያን ነበሩ፣ ከመቶ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የተረፉት 41 ናቸው። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ ከግብፅ ጠረፍ የተነሡ መሆናቸውን ያጣሩት ጋዜጠኞች ሲሆኑ ያም ወራት ፈጅቷል። በዚያው ዓመት መስከረም ደግሞ ራሺድ አጠገብ ሌላ ጀልባ ሰጥሞ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ግብፅ የሰው አሻጋሪዎችን የሚቀጣ ሕግ ያወጣችው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያዋን ጀልባ አስቧት። 500 ሰው! ከካይሮ ሰፈሮች ተለቃቅሞ የሄደ ስንት ይሆን? ስንቱ አብሮት ለሚያድር ሰው «ነገ እሄዳለሁ» አለ? ስንቱስ «ትንሽ ፕሮሰስ ነገር አለኝ» ብሎ ወጣ?

የአገር ቤቱንም ልንገራችሁ፣ ቅር አይበላችሁ። እናት ትደውላለች። «ልጄ፣ ፕሮሰስሽ ከምን ደረሰ?» «እየሄደ ነው እማዬ።» እናት «እሰይ» ትላለች፤ ከዚያ የወንድም ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የጣራ ቆርቆሮ፣ የዘመድ ሠርግ ይመጣል። እናትም በልቧ ታውቀዋለች። ልጅም እናቷ እንደምታውቅ ታውቃለች። ሁለቱም ይዋሻሻሉ። እሺ፣ የእናት ነገር ነው፤ እናትን አልናገርም። ግን ቶሮንቶና ሜልበርን ሆነህ «ፕሮሰስ ጀምሬልሃለሁ» ብለህ ስልክ የዘጋኸው ወንድሜስ? አንድ ቅጽ ሳትሞላ፣ አንድ ሰው ሳትጠይቅ፣ ለማባረር ብቻ ያልካትን ቃል ተሸክሞ ካይሮ ውስጥ ሥራ ያልጀመረ፣ ትዳር ያልያዘ ልጅ እንዳለ ታውቃለህ? «አልችልም» ብትለው ኖሮ አንድ ሳምንት ያለቅስ ነበር። ያንተ ትሕትና ስንት ዓመቱን በላው? ላም አለኝ በሰማይ ያሰኘኸው አንተ ነህ።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የልጆቹ ነገር ነው። ግብፅ የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1981 ስትቀበል አምስት ቦታ ላይ አልቀበልም ብላ ነው፤ አንዱ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ነው፣ አንዱ ሥራን የሚመለከተው ነው። ስለዚህ የሐበሻ ልጅ በአብዛኛው የስደተኛ ማኅበራት በከፈቷቸው ትምህርት ቤቶች ነው የሚማረው፣ ያውም ከተማረ። ያንን ክፍያና ያንን ሚክሮባስ ያልቻለ ወላጅ አለ፤ እሱን አልወቅስም። የምወቅሰው እየቻለ የማያስገባውን ነው። «ምን ያደርግላቸዋል፣ ልንሄድ እኮ ነው።» ዐረብኛ አይማሩም፣ «ልንሄድ ነው»። ጥርሳቸውን አያሳክሟቸውም፣ «እዚያ ነጻ ነው»። ልጁ አምስት ዓመቱ ነበር፣ አሁን ጢም አብቅሏል። ያልሄደ ፕሮሰስ ልጅነቱን ይዞበት ሄደ። ይሄን አባት በአደባባይ «ተው» የሚለው ሽማግሌ የት አለ? ሽማግሌውም ፕሮሰስ ላይ ነው!

ደግሞ አሁን ነገሩ ሊብስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ እዚህ አገር ስደተኛን የሚመዘግበውና የሚወስነው ዩኤን ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የወጣው አዲሱ የጥገኝነት ሕግ፣ ቁጥር 164፣ ይህንን ሥልጣን ለመንግሥት ኮሚቴ ያስተላልፋል። የቢጫ ካርዱ ነገር፣ የቆየው ፋይል ነገር ሰውን ሁሉ ሥጋት ላይ ጥሏል። ሥጋት ባለበት ደግሞ ነጋዴው ይፈጥናል። «ኮሚቴው ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል ድምፅ ከወዲሁ ሰምቻለሁ። ያው ረጋ ያለ፣ ያው የሚያጽናና ድምፅ። የሚቀጥለው ቮይስ ምን እንደሚል ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ስልካችሁ ውስጥ አለ።

እንግዲህ እኔ ከዛሬ ጀምሮ የማገኘውን ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ። ቡና ላይም፣ ልቅሶ ቤትም፣ ክርስትና ላይም። ማን ያዘልህ? ስንት ሰጠኸው? ደረሰኝ ሰጠህ? ስሙን ለዚህ ሁሉ ሰው ትነግርልኛለህ? ልነወር። ባለጌ ልባል። ምቀኛ ልባል። ያቺ ልጅና የክፍል ጓደኛዋ ባለፈው አርብ ማታ ክፍላቸው ውስጥ ሦስተኛ ሴት ጠሩ፤ እሷም ስልኳን አወጣች። በማግሥቱ ሌሎች ሁለት ተጨምረው አምስት ሆነው ቡና ቤቱ ድረስ ሄዱ። ሰውየው ዶሚኖውን ጥሎ ተነሣና «እህቶቼ፣ እዚህ አይወራም» አላቸው።

ወንበር ስበው ተቀመጡ።